የሐጂ ቃበቶ ኩላሊት

ስልኬ ሲጮህ የደም ናሙናዎችን ማሽን ውስጥ ከትቼ ተሽከርክረው እስኪያበቁ እየጠበቅኩ ነበር። የደወሉት ኦቦ ቱኬ ናቸው። ኦቦ ቱኬ ስልክን ብዙም አያምኑትም፤ ድምፃቸው ከሮቤ እኔ ያለሁበት ጎባ ድረስ በራሱ እግር እንዲደርስ ነው የሚጮኹት። ስለዚህ ላብራቶሪው ውስጥ የነበርን ሁሉ ዜናውን እኩል ሰማን። ሐጂ ቃበቶ ሌሊቱን ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት መድረስ አለብኝ።

ሰው ሞተ ሲባል የሚባል ነገር አለ። ከእኔ አፍ የወጣው ግን "ኩላሊታቸውስ?" የሚል ነበር።

ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ። ኦቦ ቱኬን ጥያቄው ምንም አልገረማቸውም፤ መጥተሽ ትሰሚያለሽ ብለው ዘጉት። ጋዋኔን አውልቄ፣ ሻሼን አስሬ ወደ ሮቤ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ መጀመሪያ እንባዬ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቄ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

ሐጂ ቃበቶ በሮቤ ገበያ የታወቁ የማር ነጋዴ ነበሩ። ከሐረና ጫካ የሚወጣ ማር የእሳቸውን መጋዘን ሳይሳለም ከተማ አይገባም ይባል ነበር። ከማሩ ይልቅ ግን ስማቸውን ያስጠራው ሽምግልና ነው፤ በኦሮምኛው ጃርሱማ። ከአጋርፋ እስከ ብድሬ ሰው በግጦሽ ቢጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ቢካሰሱ "ሐጂ ይምጡ" ነው። ሦስተኛው ነገራቸው የስኳር ሕመም ነበር። ይህን ሦስተኛውን ግን እሳቸው ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ማር ይበሉ እንደሆነ ሲጠየቁ "አልበላም፣ እመረምራለሁ እንጂ" ይላሉ። የምርመራው መሣሪያ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ነበረች። የማር ቆርቆሮ በተከፈተ ቁጥር ትንሿ ጣት ትጠልቃለች፣ ትላሳለች፣ ዓይን ይጨፈናል። ከዚያ ማሩ ከየትኛው አበባ እንደተቀሰመ ይበየናል። አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ሻጮቹ ግን ለአክብሮት ሲሉ አበባውን ይቀይራሉ። በቀን ስንት ቆርቆሮ እንደሚመረምሩ ስጠይቃቸው እሱ የገበያ ምስጢር ነው አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጅ ነበር። ገበሬው ተደራጀ፣ ተማሪው ተደራጀ፣ በመጨረሻ የስኳር ሕመምተኞቻችንም ይደራጁ ተባለ። ሐጂ ያለ ተቃውሞ የቡድን መሪ ሆነው ተመረጡ። የመጀመሪያውን ስብሰባም በትኩስ ዳቦና በማር ከፈቱት። ዶክተራችን ይህን ሲሰማ መስኮቱን ሊከፍት ተነሣ።

እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ በላብራቶሪ ባለሙያነት ከተመደብኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዶክተሩ አንድ ጥናት ይዟል። ስኳር ካለባቸው ሰዎች የአንዱ ኩላሊት ሲበላሽ የሌላው ለምን ይተርፋል? ከሴሎች ሞትና ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ዘረመሎች በዚህ ውስጥ ድርሻ ይኖራቸው ይሆን? የእኔ ሥራ ደም መቅዳትና ነገሩን ለሕመምተኞቹ ማስረዳት ነበር። ደም መቅዳቱን እወደዋለሁ፤ ደም አይናገርም። ማስረዳቱ ግን ከብዶኝ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ ሌላ ሰው እስኪመልሰው የምጠብቅ ተማሪ ነበርኩ።

ሐጂ ለጥናቱ ሲመረጡ ሽንታቸው አረፋ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ኩላሊታቸው ማስቀረት የነበረባትን ፕሮቲን ማሳለፍ ጀምራለች። ዶክተሩ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ማሩ ካልቆመና መድኃኒቱ በየቀኑ ካልተወሰደ ኩላሊቷ ትሞታለች። ከሞተች አዲስ አበባ ሄደው፣ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ደማቸውን በማሽን እያሳጠቡ ዕድሜ ልክ እዚያ መኖር ነው።

የዚያን ቀን ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሐጂ አዲስ አበባን ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደው ያውቋታል። ሰዉ ሰላምታ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም ይሉ ነበር። ስለ ከብቱ ሳይጠይቅ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ፣ ደህና ነህ ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል።

"ከባሌ ወጥቼ ማሽን ሥር አልሞትም" አሉ። "ሌላውን ሁሉ አላህ እንዳለ ያድርገው።"

በሳምንቱ ገበያ ስወጣ ትንሿ ጣት ማር ውስጥ ነበረች።

ደም ልቀዳላቸው የመጡ ዕለት መጀመሪያ የመረመሩኝ እሳቸው ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የእሱስ አባት። ቅድመ አያቴ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ሐጂ ወላጅ አልባ እንደሆነ ሰው በሐዘን ተመለከቱኝ። ከዚያ የራሳቸውን ትውልድ መቁጠር ጀመሩ። ደሙን ቀድቼ፣ ጥጥ አስይዤ፣ ስማቸውን ጽፌ ስጨርስ ገና አባ እገሌ የአባ እገሌ ልጅ እያሉ ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር።

"አሁን ንገሪኝ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ ሲጨርሱ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ኩላሊቴን የሚገድላት ማነው?"

በተቻለኝ ሁሉ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እያንዳንዱ ሴል ጊዜው ሲደርስ እንዲሞት ትእዛዝ ተጽፎለታል። ያረጀው ሄዶ አዲሱ እንዲተካ ነው። ስኳር ሲበዛ ግን ትእዛዙ ያለ ጊዜው ይነበባል። የሚሞቱት ሴሎች ሲጮኹ የሰውነት ጠባቂዎች ጠላት የገባ ይመስላቸውና እሳት ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ የታመመውንም ጤነኛውንም አብረው ያቃጥሉታል። የአንዳንድ ሰው ጠባቂዎች ታጋሽ፣ የአንዳንዱ ደግሞ ቸኳይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥናቱ የሚፈልገው ይህንን ነው። ትእዛዙ የተጻፈው በዘረመል ነው፤ ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት ይመጣል።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባልጨምር ኖሮ ምን ይከሰት እንደነበር አላውቅም።

ሐጂ ጥጡን ጣሉት። አባታቸውና እናታቸው የተጋቡት ሁለት ጎሳዎች በውሃ ተጣልተው ደም ከተቃቡ በኋላ ዕርቁን ለማጽናት ነው። ሐጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ የዚያ ዕርቅ ምስክር ተብለው ነው ያደጉት። ዛሬ ደግሞ ጦርነቱ ኩላሊታቸው ውስጥ መቀጠሉን ሰሙ።

"ዋላሂ ጠርጥሬ ነበር" አሉ። "የእናቴ ወገኖች በችኮላ የታወቁ ናቸው። ቱኬን አላየሽውም?"

ኦቦ ቱኬ የእናታቸው ወንድም ልጅ ናቸው። ደነገጥኩ። የትኛው ዘረመል ከማን እንደመጣ ጥናታችን እንደማይለይ፣ ዘረመሎቹም ከበሽታው ጋር ይያያዛሉ ይባል እንጂ ገዳይነታቸው እንዳልተረጋገጠ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ።

"ገባኝ፤ ተጠርጣሪዎች ናቸው" አሉ። ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ባዕድ ቢሆን ለሐኪም እተወው ነበር። የዘመድ ጠብ ግን የሽማግሌ ነው።"

ጃርሱማው ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ቦታው ከቤታቸው ጀርባ ያለው ሣር። ዶክተሩ ነገሩን ስነግረው እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀና ሂጂ፣ ምን ይጎድልብናል አለኝ። እኔም ሳይንሱን አንዴ አስረድቼ እንደምመለስ አስቤ ሄድኩ።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ኦቦ ገለቶ ነበሩ። ኦቦ ገለቶ ሲያስቡ ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ ሲተኙም እንዲሁ ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ኦቦ ቱኬ የእናት ጎሳን ወክለው ገና ሳይከሰሱ ተቆጥተው ተቀምጠዋል። የሐጂ ባለቤት አደ ዘይቱና በበሩ መቃን ተደግፈው ቆመዋል። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ዝናቡ ይዝነብ፣ ከብቱ ይርባ፣ የታመመው ይዳን። "አሚን" አልን።

ከዚያ ኦቦ ገለቶ ዓይናቸውን ገለጡ። ከሳሽ ኩላሊት ናት አሉ። ኩላሊት ምላስ የላትም። ስለዚህ ወኪል ያስፈልጋታል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ደግሞ እሷን በዓይኗ ያየች አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ያየሁት ሽንታቸውን እንጂ ኩላሊታቸውን አይደለም ማለት ፈለግኩ። ሽማግሌ ፊት ሽንት የሚለውን ቃል ማውጣት ግን አቃተኝ። ዝምታዬም እሺታ ሆኖ ተቆጠረ። ወኪል የሚይዘውን ዘንግ አስያዙኝ።

ኦቦ ቱኬ ወዲያው ተቃውሞ አነሡ። ሰው ሁለት ኩላሊት ነው ያለው፤ ይህች ልጅ የመጣችው ለግራዋ ነው ለቀኟ? አንዷ ብቻ ከሆነች የከሰሰችው ሌላዋ ነገ ተነሥታ ሌላ ክስ ብታመጣስ? ነገሩ ከባድ ሆነና ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ስለሆኑ በአንድ ወኪል ይበቃቸዋል ተባለ።

መጀመሪያ ሐጂ ተናገሩ። እኔ በድዬ አላውቅም አሉ። እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ። ውሃ አጠጥቻታለሁ። መትቻት አላውቅም። ጠቡ ያለው ከአባቴና ከእናቴ በመጡት ጠባቂዎች መካከል ስለሆነ የሁለቱ ጎሳ ሽማግሌዎች ይግዘቷቸው፣ ይታረቁ።

ኦቦ ቱኬ ተነሡ። የእኛ ጎሳ ዕርቁን ከጨበጠበት ቀን ጀምሮ የማንንም ድንበር አላለፈም፣ የማንም ኩላሊት ውስጥ አልገባም አሉ። ይህንን ያሉት በጩኸት ስለነበር ጎረቤት ያሉ ዶሮዎች ሁሉ ተበተኑ። ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው "ችኮላ ብዬ አልነበር?" አሉ።

ተራው የእኔ ሆነ። ሳይንሱን እንደተዘጋጀሁበት ጀመርኩ፤ "የሰውነት መከላከያ ሴሎች..." ስል "አልተሰማም" አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "አልገባንም" አሉ። ኦቦ ገለቶ፣ ልጄ፣ ስለ ኩላሊቷ አታውሪን፤ እሷ ብትሆን የምትለውን በይ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ የማስታውሰው ሌሎች ደጋግመው ስለነገሩኝ ነው።

"ሐጂ" አልኩ፣ "እኔ ቀንም ሌትም ደምዎን ሳጥብ ነው የምኖረው። እርስዎ ሲተኙ እኔ አልተኛም። እርስዎ ሰው ሲያስታርቁ እኔ የመረመሩትን ማር እጠርጋለሁ። ከአባት የመጡትም፣ ከእናት የመጡትም ጠባቂዎች ለየብቻቸው ሲኖሩ አልነኩኝም። ስኳሩ ገብቶ ነው የቀሰቀሳቸው። በሩን ማን ከፈተለት? የእናትዎ ጎሳ ነው? ኦቦ ቱኬ ናቸው? እርስዎ በትንሿ ጣትዎ ነው የከፈቱለት። እኔ ስሞት ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።"

ሣሩ ላይ የሚያኝክ በግ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"ይኸው" አሉ አደ ዘይቱና ከበሩ። "ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ስናገር ወሬ ነበር። ኩላሊት ስትናገር ክስ ሆነ።"

ኦቦ ቱኬ ነጻ በመውጣታቸው ደስ ብሏቸው፣ ለአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህች ልጅ የእኛ ጎሳ ደም ሳይኖራት አይቀርም አሉ።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩና ፈረዱ። ቤቱ ውስጥ ጠብ የጫረው ባለቤቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማር በትንሿም፣ በትልቋም ጣት አይነካም። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ኪኒኑ በየጠዋቱ በሚስቱ ፊት ይዋጣል። ማሩን የምትመረምረው አደ ዘይቱና ናት። በዓል ሲመጣ ለመቅመስ ከፈለገ የኩላሊቷን ወኪል ያስፈቅድ።

ሐጂ የዶክተሩን ትእዛዝ እንቢ ማለት ይችላሉ፤ ስንት ጊዜ ብለዋል። ይህንን ግን እንቢ ቢሉ ነገ አጋርፋ ላይ ተቀምጠው ሌላውን ሰው ፍርድ ተቀበል የሚሉበት አፍ አይኖራቸውም። "ተቀብያለሁ" አሉ። ድምፃቸው የእኔን ያህል ነበር።

ሌላ ችግር ደግሞ ገና ነበር። የታረቁ ሰዎች ከአንድ ገበታ መብላት አለባቸው። በጉ ታረደ፣ እኔ ግን ክርስቲያን ስለሆንኩ የእነሱን ሥጋ አልበላም። ተበዳይዋ ኩላሊት ከገበታው ካልቀረበች ዕርቁ ጎደሎ ነው የሚል ተነሣ። የበጉን ኩላሊት ማን ይብላ የሚለውም ሳይፈታ ቀርቶ ነበር፤ ማንም እጁን ሊሰድ አልደፈረም። አደ ዘይቱና ገቡና ጩኮ ይዘው ወጡ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። እሱን ከሐጂ ጋር ከአንድ ጣባ በላን። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ከዚያ በኋላ ቀምሼ አላውቅም፤ ስኳር የለውም።

ሮቤ ውስጥ ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን የሚጠራ ጠፋ። የባጃጅ ሾፌሮች "ኩላሊት፣ ወዴት ነሽ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን በጓሮ መንገድ እሄድ ነበር። በኋላ ለምጄው ሲጠሩኝ ዞር ማለት ጀመርኩ።

አደ ዘይቱና ማር መርማሪ ሆነው ገበያውን አስጨነቁት። የአበባውን ስም አይጠሩም፤ ውሃ የተጨመረበትን ግን ሳያዝኑ ይመልሱታል። ሐጂ አጠገባቸው ተቀምጠው ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ያያሉ።

ለበዓል ይደውሉልኛል። ሰላምታው ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሳይቀር ካዳረሰ በኋላ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ።

"ኩላሊቴ ምን ትላለች?"

"አይሆንም ትላለች፣ ሐጂ።"

"ሁለቱንም ጠየቅሻቸው?"

"ሁለቱንም።"

"እስቲ ግራዋን ለብቻዋ አድርገሽ ጠይቂልኝ። ግራዋ እንደ አባቴ ወገን ርኅሩኅ ናት።"

ትንሽ እቆይና ግራዋም እንቢ ማለቷን እነግራቸዋለሁ። ዶክተሩን ማስፈቀድ እንደሚችሉ አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። እኔ ደግሞ ለሰው እንቢ ማለት የለመድኩት በእነዚያ ስልኮች ነው።

አረፋው ቀነሰ። የደም ምርመራቸው በየጊዜው ሲመጣ መባባሱን አቁሞ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒቱ ነው ይላል፤ እኔም እንደ ባለሙያ እስማማለሁ። መድኃኒቱ ግን ከጃርሱማው በፊትም ቤታቸው ነበር፤ ከማር ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ። የጥናቱን ውጤት በተመለከተ አንድ ዘረመል ብቻውን ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። ይህንን ስነግራቸው ሐጂ ደስ አላቸው፤ ኦቦ ቱኬንም ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

ሚኒባሱ ሮቤ ሲደርስ ይህንን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። ከቤታቸው ደጅ መንገዱ በሰው ሞልቷል። አደ ዘይቱና ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ እጄን ይዘው ወደ ጎናቸው ሳቡኝ። ሐጂ ዲንሾ ላይ ሁለት መንደር በግጦሽ ተጣልቶ ሊያስታርቁ ሄደው ነበር። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ዘነበባቸው፣ እሳቸው ግን ሳይጨባበጡ አልነሣም አሉ። ተጨባበጡ። ሐጂ ቤታቸው የገቡት ሳንባቸው ታሞ ነው። ትናንት ማታ፣ ከገዛ መኝታቸው ላይ ሆነው፣ ከሐኪም ቤት የመጣው ሰው ስለ ኩላሊታቸው ተጠይቆ እሷ ደህና ናት ሲል ሰምተዋል አሉኝ አደ ዘይቱና። ሰምተው "አልሃምዱሊላህ፣ ባሌ ውስጥ ነኝ" አሉ።

ሬሳው ከቤት ሲወጣ ኦቦ ገለቶ ቃሬዛው ፊት ቆሙ። እንደ ወጉ ጠየቁ፤ ሐጂ ቃበቶ የበደሉት፣ ያስቀየሙት፣ ሐቅ አለኝ የሚል ሰው ካለ ይናገር፣ ከሌለም ይቅር፣ አፉ በሏቸው። ወንዶቹ በአንድ ድምፅ "አፉ ብለናል" አሉ። ኦቦ ገለቶ ግን አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"አንዲት ቀርታለች" አሉ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። አደ ዘይቱና ከታች ገፋ አደረጉኝ፤ ተነሣሁ። ያ ሁሉ ሰው አየኝ፤ የሆነ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ። ኦቦ ቱኬ እያለቀሱ "አልተሰማም" አሉ።

"ኩላሊታቸው አፉ ብላቸዋለች" አልኩ፣ መንገዱ ላይ እስኪሰማ። "ቃላቸውን ጠብቀዋል። በእሳቸው ላይ ምንም ሐቅ የላትም።"

ኦቦ ገለቶ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሉ አንሡ" አሉ። አነሧቸው።